የፈረስ ስም

ሻርጃ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት።
ውጭ አስፋልቱ እንቅልፍ የለው፥ ይተፋል የቀኑን እሳት፤
እዚህ ውስጥ ግን ውርጭ ነው፤ ብርዱ የተለካው ለቆዳ፥
መስታወት ውስጥ ለሚያድር ሸሚዝ። ለእኔ ለቋሚው ማን ተጎዳ!

አሊጋዝ ነኝ። ደረቴ ላይ አርባ ሁለት የሚል ቁጥር።
ሥራዬ፦ ያንተን ሸሚዝ መጠበቅ፥ እርምጃዬን መቁጠር።
እጅጌውን ዘርግቶ ቆሟል፥ ክንድ የለው፥ የለው ደረት፤
ትከሻው ላይ ጠጉር አለ፥ ከየድንኳኑ ሕዝብ አደራውን የሰፋበት።

«ማሕፒያ ሆታ» ይላል ካርዱ፥ «የላኮታ የጦር መሪ።
ትርጉሙ ግራጫ ደመና።»
ደመና!
አራት ዓመቴ እዚህ አገር፥ ሰማዩን ሳይ ቀና ቀና፤
ጥላ የጣለብኝ ደመና
ያንተ ስም ብቻ ነውና፥
እስኪ ልጠይቅህ ጌታዬ፥ ካርዱ ያልጻፈው አለና፦
የፈረስ ስምህ ማነው?

የእኔ ቅድመ አያት በፈረሱ ነበር የሚጠራው፤
«አባ ጉም!» ሲባል ወረባቦ ከዳር እስከ ዳር ይሰማው።
ፈረሱ በክፉ ቀን ተሸጠ፤ ስሙ ግን ጥቂት ቆየ፤
አባቴ ሲሞት አብሮ ገባ። ከዚያ ወዲህ ማንም አላየ።

ካርዱ ያወራል፥ እኔ አነባለሁ፤ ሌሊት መቼ ያልቅና።
ይህን ሸሚዝ የለበሰ፥ መበለት ሳትጠግብ አይበላም፤
ውሻ ድንኳኑ ላይ ቢሸና ፊቱ እንኳ አይቀላም።
ጠላቱን ገድሎ ከመጣ፥ ነክቶት የመጣ ይበልጣል፤
በቀጭን በትር ትከሻውን ነካ አድርጎት ያመልጣል።
የእኛ ሰው ሲፎክር «ገዳይ!» ነው። ያንተስ እንዴት ይሆናል?
ዘራፍ! ነኪው! የነካው!
ነክቶ የተመለሰው!
ብቻዬን ሳቅሁ። ካሜራው ዞር ብሎ አየኝ።

ኋላ ወረቀት መጣ። ብዕሩን ንካ አሉህ፥ ነካህ፤
የቀረውን እነሱ ጻፉት፤ መንካት ብቻ ነበር ድርሻህ።
እኔም ኮምቦልቻ ላይ፥ በአንድ ደላላ ጠረጴዛ፥
በአውራ ጣቴ ቀለም ነካሁ፥ ለማላነበው ዐረብኛ፥ ለቪዛ።
ሹፌር ሆኜ ተነሣሁ፤ ዘበኛ ሆኜ ደረስሁ፥ በግማሽ ዋጋ፤
ፓስፖርቴ በከፊሌ መሳቢያ፥ እኔ ካንተ ሸሚዝ ጋ።

ከተራራው ሥር ወርቅ ተገኘ፤ ውልህ በዚያው ፈረሰ።
ፈረስህንም ነዱት። በእኔ ቋንቋ ፈረስ እና ፈረሰ
የሚለያቸው አንድ ትንፋሽ ነው፥ ከቃሉ ጫፍ የፈሰሰ።

መስታወቱ ላይ በሦስት ቋንቋ «አትንኩ» ተብሎ ተጽፏል፤
አራተኛው የእኔ ነው፥ እሱ ግን ተረስቷል።

ነካሁት።
በአንድ ጣት፥ ከትከሻህ ትይዩ።

ደወሉ አዳራሹን ሞላው። ኩሪያን፥ አለቃዬ፥ ባትሪውን እያበራ
በባዶ እግሩ ሮጦ መጣ፥ በሂንዲም በእንግሊዝኛም እያወራ።
አማርኛ ቢችል ኖሮ
«ምን ነካህ?» ነበር የሚለኝ።
«አቧራ ነው» አልሁት።
የሦስት ቀን ደሞዝ ተቆረጠ። ዘራፍ!

ሐሙስ የልጅ ልጅህ ልጅ መጣች፥ ዴሎሬስ የምትባል አሮጊት፥
ሸሚዝህን ይዛ ልትመለስ። ነጭ ጓንት ሰጧት፤
አጥልቃ አየችውና አወለቀች። ጠየቀች በአስተርጓሚ አንደበት፦
«ሌሊት ሌሊት ማን ነበር አብሮት?»
ወደ እኔ ጠቆሙ።
ቀስ ብላ መጥታ ትከሻዬን ነካችኝ፥ በአንዲት ጣት።
ምንም አላለችም። ቃልም ቢኖር አልደረሰኝም።

ሳጥኑ ታሸገ፤ ማኅተሙ አንድ ሁለት ተብሎ ተመታ፤
መውጫ ወረቀትህ ከእኔ ቀደመ፤ ሄድህ፥ ማሕፒያ ሆታ።

ለሚቀጥለው ወር አዳራሹ የእጅ ሰዓት ይታይበታል።
የኔፓሉ ልጅ፥ የጽዳቱ፥ ባዶውን መስታወት ሲወለውል
ድንገት ቆመ። ጣቴ እዚያው አለች፥ ትከሻህ በነበረበት።
«የማነው?» አለኝ በዓይኑ።
ቁጥሬን ልነግረው አፌን ከፍቼ
ተውሁት።

«የአባ ጉም» አልሁት።